የሰርቨሩ ነፋስ

ድሬዳዋ ላይ በሙስሊም ሠርግ የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ወንድ ካሜራማን አይገባም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሴቶቹ ሻሻቸውን ያወልቃሉ፣ ጸጉራቸውን ይለቃሉ፣ ያላቸውን ወርቅና ያላቸውን ጭፈራ ሁሉ ያወጣሉ። እኔ እንጀራዬን የማገኘው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ሴት ስለሆንኩና ካሜራ መያዝ ስለማውቅ፣ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ያልገባሁበት ሠርግ ቤት የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ክርስቲያን መሆኔን ያነሳብኝ ሰው እስካሁን የለም። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቪዲዮው የትም አይሄድም አይደል?»

የትም አይሄድም። ይሄ የሥራዬ ሕግ ነው። በሙያው ያሉ ሰዎች «ክላውድ ላይ ጫኚው፣ መቼም አይጠፋም» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። የሰው ልጅ እኔን አምና ጸጉሯን ለቃ የጨፈረችውን፣ በማላውቀው አገር ያለ፣ በማላውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጥ? ስለዚህ ሠርጎቹ ሁሉ እኔው ቤት ናቸው። ሳሎኔ ጥግ ላይ፣ ከድሮ ኮምፒውተር እየፈታሁ እየገጠምኩ የሠራሁት ሰርቨር አለ። ጥቁር ሳጥን ነው፤ ለማያውቀው የተበላሸ ማይክሮዌቭ ይመስላል። ውስጡ አራት ሃርድ ዲስኮች አሉ።

ባለቤቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ያልገባው ነገር ቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ አይወድም። ሰርቨሩን የሠራሁ ሰሞን አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስረጂኝ አለኝ። ሦስቱ ዲስኮች ላይ ሠርጎቹ አሉ አልኩት። አራተኛው ላይ ግን አንድም ሠርግ የለም፤ እሱ የሚይዘው የሦስቱን ድምር ነው።

«ድምሩ ምን ይሠራል?»

«ሦስት ፌስታል ሽንኩርት ገዛህ እንበል። የሦስቱን አጠቃላይ ክብደት ታውቃለህ። አንዱ ፌስታል ቢጠፋ፣ የቀሩትን ሁለቱን መዝነህ የጠፋው ስንት እንደነበር ትደርስበታለህ።»

ትንሽ አሰበና «ክብደቱን ደረስኩበት እንጂ ሽንኩርቱን አላገኘሁትም» አለ። የመምህር ነገር።

«ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉም ነገር ቁጥር ነው። ቁጥሩን ካገኘህ ሽንኩርቱን አገኘህ።»

«ሁለት ፌስታል አንድ ላይ ቢጠፋስ?»

«ያኔ ጉድ ፈላ» አልኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ይሞታል ብዬ ማሰቡ ራሱ ሟርት መስሎኝ ነበር።

ዲስክን የሚገድለው ሙቀት ነው። ሙቀት ደግሞ እዚህ አገር በልኩ አይመጣም። ቤታችን ከዚራ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ከብዙዎቹ ይሻላል። ቢሆንም ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ማንም ግድግዳ አይችለውም። ለዚህ ብዬ ለሰርቨሩ ብቻ የቆመ ትልቅ ቬንቲሌተር ገዝቼለት፣ ፊት ለፊቱ ተክዬ፣ አንገቱን አጥብቄ አስሬ አዋጅ አወጣሁ፦ ይሄ ቬንቲሌተር አይነካም። ባለቤቴም ሰማሁ አለ። እኔም አመንኩት።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልንገራችሁ። ሶማሌ ናት፣ ከእኔ ብዙ ትበልጣለች፤ ኤዶ እላታለሁ። በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ታይዋን ገበያ ጋርባሳር ትሸጣለች፤ ሴቶቹ ከላይ የሚጥሉትን ያን ቀለማም ሻርፕ። እሷ ገበያውን ዘግታ ስትመለስ ቤቷ የቆርቆሮ ጣሪያ ስለሆነ አያስገባም። ስለዚህ ፀሐዩ እስኪበርድ እኛ ሳሎን ትመጣለች። እኔ በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የለሁም፤ ወይ ሙሽራ ቤት ነኝ ወይ ዕቃ ላደርስ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ሻሂ ያፈላላታል፣ ወሬ ያወራሉ፣ ከዚያ እሷ ፍራሹ ላይ ጋደም ትላለች፣ እሱ ወንበሩ ላይ ያንጎላጃል። ይሄ ለዓመታት የኖርንበት ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ ብቻውን ከሚሆን።

ባሏ የጂቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ትልቋን ልጃቸውን ከዳሩ ብዙም ሳይቆይ ታሞ ሞተ። ፎቶ የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ ካሜራ ሲያይ ወይ ፊቱን ያዞራል ወይ ጉዳይ ይፈጥራል። ከመንጃ ፈቃዱ በቀር ምስሉ የለም ማለት ይቻላል። የትልቋን ሠርግ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። የሴቶቹ ጭፈራ ሲያበቃ፣ ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት፣ ሴቶቹ ተሸፋፈኑና አባትየው ገብቶ ዱዓ አደረገላት። ያን ቀን ካሜራ መኖሩን የረሳ መሰለኝ። ሳይሸሽ፣ ፊቱን ሳያዞር ቆሞ ጸለየ፤ እኔም ከጥግ ሆኜ በሰው ትከሻ መሀል ቀረጽኩት። ለቤተሰቡ በፍላሽ ሰጥቼ ነበር፤ ትልቋ ወደ ጂቡቲ ስትሄድ ይዛው ሄዳ፣ ቤት ስትቀይር ጠፋ። የቀረው እኔ ጋ ያለው ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት ከሰርቨሩ አራት መብራቶች አንዱ ቀልቶ አገኘሁት። አንደኛው ዲስክ ሞቷል። እውነቱን ልናገርና ምንም አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ስለ ድምሩና ስለ ሽንኩርቱ ስሰብክ ኖሬ፣ አሁን በተግባር የማሳይበት ቀን መጣ። ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩትን አዲስ ዲስክ አወጣሁ፣ የሞተውን ነቅዬ እሱን ተካሁ፣ «መልሰህ ሥራ» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ ማሽኑ የቀሩትን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር እያነበበ፣ እየደመረ፣ የሞተውን አዲሱ ላይ መልሶ ይጽፋል። ሥራው ረጅም ነው፤ ዲስኮቹ ሁሉ ያለ ዕረፍት ስለሚዞሩ ይግላሉ። ቬንቲሌተሩን አየሁት፤ በቦታው ነው። ተረጋጋሁ።

በዚያው ጠዋት ኤዶ ትንሿን ልጇን ይዛ መጣች። ትንሿ ስል ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ በመጪው ዓርብ ልታገባ ነው። አባቷ ሲሞት ሕፃን ስለነበረች አታስታውሰውም።

«አንቺ ልጅ፣ የትልቋን ሠርግ አውጪልኝ» አለችኝ ኤዶ። «ያን የአባቷን ዱዓ። እቺ ሳትወጣ በፊት እንድትሰማው ነው። ያን ቀን ለእሷም አድርጎላታል፤ በስሟ ጠርቷታል። እኔ ኋላው ቆሜ ሰምቻለሁ፣ ወላሂ።»

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ሆና ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል፤ እናቷ ልታጽናናት የምትለው ነገር አድርጋ ነው የያዘችው። ኋላ ብቻችንን ስንሆን በቀጥታ ነገረችኝ። «እህቴም እኮ ነበረች፤ ስሜን ሲጠራ አልሰማችም። ሆዮ ግን ከልጅነቴ ጀምራ እንደዚህ ትላለች።» ሆዮ የምትለው እናቷን ነው። «እውነት ይሁን አይሁን ማወቅ እፈልጋለሁ። አልጠራኝም ከሆነም ልወቀው።»

«ማሽኑ አሁን ሥራ ላይ ስለሆነ ምንም ሳልነካካው ይጨርስ። ነገ ትወስጂያለሽ» አልኳት። እንዴት ያለ መኮፈስ ነበር። ሠርጉ የነበረው የሞተው ዲስክ ላይ ነው፤ ቢሆንም አብሽሪ አልኳት፣ ይሄ ማሽን የሞተ ያስነሳል።

ከሰዓት አንዲት ሙሽራ ቤት ሄጄ ክፍሉን፣ መብራቱን አይቼ ተመለስኩ። የግቢውን በር ስከፍት ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳሎን ስገባ ባለቤቴና ኤዶ ሻሂ እየጠጡ ይስቃሉ። ቬንቲሌተሩ አንገቱን ጠምዝዞ፣ ኤዶ ላይ በሙሉ ጉልበቱ ይነፋል፤ ጋርባሳሯ ይውለበለባል። ሰርቨሩ ጥግ ላይ ብቻውን ይጮሃል።

«መጣሽ? ይሄ ዕቃሽ ዛሬ ወፍ ሆኗል» አለኝ ባለቤቴ።

እጄን ሳጥኑ ላይ ሳሳርፈው እንደ ምጣድ አቃጠለኝ። ስክሪኑን ከፈትኩት። ሌላኛው ዲስክ፣ ጤነኛ ነው ያልኩት፣ «ማንበብ አልቻልኩም» እያለ ነው። አንድ ቦታ፣ ሌላ ቦታ፣ ደግሞ ሌላ ቦታ። መልሶ መሥራቱን አቁሜ ማሽኑን አጠፋሁት። ሳሎኑ ጸጥ አለ።

«ምን ሆኖ ነው ሲያለቅስ የነበረው?» አለች ኤዶ።

«ደክሞት ነው» አልኳት።

እሷ እስክትሄድ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። በሩ እንደተዘጋ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ቬንቲሌተሩን የምታዞረው?»

«ሁልጊዜ አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሷ ስትመጣ ብቻ ነው። ስትሄድ መልሼ አስተካክለዋለሁ፤ አንገቱንም እንዳሰርሽው አድርጌ አስረዋለሁ።» እንዲያውም በጥንቃቄው የተመሰገነ መሰለው።

ኤዶ የምትመጣው በየቀኑ ነው። የምትመጣው በቀኑ ሙቅ ሰዓት ነው። ማለት ዲስኮቼ ለዓመታት፣ ነፋስ ከምንም በላይ በሚያስፈልጋቸው ሰዓት፣ ነፋስ ተነፍገው ኖረዋል ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ጮክ ብዬ ነገርኩት፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። እሱ ስጨርስ በጣም ገርሞት፣ እንዲህ አለ፦ «ታዲያ እንግዳ ፊቴ እያላበው፣ ለዕቃ ነፋስ ልስጥ?»

በእኔም እናት ቤት፣ በእሱም እናት ቤት ያደግነው እንደዚህ ነው፤ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ነፋሱ ወደ እሱ ይዞራል፣ ከዚያ ውሃ ይቀርባል፣ ከዚያ ሰላምታው ይቀጥላል። ማን አስተማረህ ብለው ቢጠይቁት አያውቅም። እኔም በቦታው ብሆን ኖሮ አዞረው ነበር፤ ይሄ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

«አንድ ነገር እለምንሻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በሷ ምክንያት መሆኑን እንዳትነግሪያት። ከነገ ጀምራ ቤታችን አትመጣም።»

አልነገርኳትም። የነገርኳት ሌላውን ነው፤ እሱም ቀላል አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ታይዋን፣ ሱቋ ድረስ ሄጄ፣ አንደኛው ዲስክ ሞቶ ሁለተኛው እየታመመ መሆኑን፣ የባሏ ቪዲዮ የሚገኘው ሁለተኛው ከዳነ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። የተጣጠፉትን ጋርባሳሮች ፈታ እንደገና ታጣጥፋለች። ሳታየኝ «አንቺ ትችያለሽ» አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አየሽ፣ ልጄ አታምነኝም። ላጽናናት የምል ይመስላታል። እሱ ራሱ ይንገራት ብዬ ነው» አለች። ያኔ ነው ነገሩ የዲስክ መሆኑ የቀረው።

እዚያው ገበያ ውስጥ ከዲስኮቹ ጋር እኩል የሚይዝ አዲስ ዲስክ ፈልጌ ገዛሁ። አሁን ማድረግ የነበረብኝ ነገር ግልጽ ነው። የታመመውን ዲስክ እንደገና ለድምር ሥራ ማሯሯጥ መግደል ነው። መጀመሪያ እሱን ብቻውን፣ በቀስታ፣ አዲሱ ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም አለ፤ የማይነበብ ቦታ ሲገጥመው አይጣላም፣ ዘልሎ ያልፍና የሚነበበውን ሁሉ ከሰበሰበ በኋላ ተመልሶ ያንን ቦታ ደጋግሞ ይለምናል። ብናቆመውም ካቆመበት ይቀጥላል። ግልባጩ ሲያልቅ የታመመውን አውጥቼ ግልባጩን በቦታው እተካለሁ፤ ከዚያ ድምሩ ተሠርቶ የሞተው ይመለሳል።

ሥራውን የጀመርኩት በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት ነው። የታመመው ዲስክ መጀመሪያ ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ሠራ። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ማጉረምረም ጀመረ፤ አቆምኩትና አሳረፍኩት። ባለቤቴ ጥፋቱን ለመካስ ነው መሰለኝ በአንድ ጊዜ የቀዶ ጥገና ረዳት ሆነ። ጆንያ በውሃ ነክሮ መስኮቱ ላይ ሰቀለ፣ ነፋሱ በእርጥቡ ጆንያ በኩል እንዲገባ። መጋረጃ ዘጋ። ማንም ሰው ሳሎን ገብቶ በኃይል እንዳይራመድ አስጠነቀቀ፤ ቤት ውስጥ ያለነው እሱና እኔ ብቻ ብንሆንም።

ችግሩ ከሰዓት ኤዶ ስትመጣ ነው። መቅረት እንደማትችል የታወቀ ነው፤ የባሏ ነገር እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ገባች፣ ላቧን ጠረገች፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ ተነሳ። ወደ ቬንቲሌተሩ አየ፣ ወደኔ አየ፣ ወደ እሷ አየ። እጁ ሄዶ አንገቱን ሊይዝ ሲል ተመልሶ ኪሱ ውስጥ ገባ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም፤ ሳቄ መጣ።

በመጨረሻ ያደረገው ለዓመታት ልናስበው ሲገባ ሁለታችንም ያላሰብነውን ነው። ኤዶን ተነሺ ብሎ ፍራሹን ጎተተና ከሰርቨሩ አጠገብ አነጠፈው።

«ምንድነው እሱ መምህር?» አለች።

«እዚህ ሁኚ። ይሄ በሽተኛ ነው፣ ጠያቂ ይፈልጋል።»

«ሃዬ» አለችና ተቀመጠች። ነፋሱ ሁለቱንም አገኘ። ከዚያን ቀን ጀምራ እዚያው ነው የምትቀመጠው። ሳጥኑን እንደ ሰው ታዋራው ጀመር፤ በሶማሊኛ ትቆጣዋለች፣ በአረብኛ ቁርአን ትቀራበታለች፣ አንዳንዴ ደግሞ በአማርኛ «አቦ ተነስ፣ ሠርግ አለብን!» ትለዋለች። እኔ የሚሠራው ፕሮግራሙ ነው ባይ ነኝ፤ ቢሆንም አላቆምኳትም። በዚህ ዓይነት ጉዳይ እርዳታ አይመረጥም።

ግልባጩ እየተቆራረጠ አለቀ። በጣት የሚቆጠሩ ትንንሽ ቦታዎች ግን በልመናም በምልጃም እምቢ ብለው ቀሩ። ዲስኩን አመስግኜ አወጣሁት፤ እውነቴን ነው፣ አመሰገንኩት። ግልባጩን በቦታው አስገብቼ ድምሩን አስጀመርኩ። ይሄኛው ጊዜ ቬንቲሌተሩ አንድ ጊዜም አልዞረም። ሲጠናቀቅ አራቱም መብራቶች አረንጓዴ ሆኑ። ባለቤቴ «ሽንኩርቱ ተገኘ» ብሎ ሊያቅፈኝ መጣ።

አንድ ፍርሃት ግን ቀርቶኛል። እነዚያ እምቢ ያሉት ቦታዎች ድምሩንም ያበላሹታል፤ ግልባጩ ላይ ባዶ የሆነው ቦታ፣ መልሶ የተሠራውም ዲስክ ላይ በዚያው ልክ ይበላሻል። የት ላይ እንደወደቀ የሚታወቀው ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ በማየት ነው። አንዱን ወዲያው አገኘሁት፤ ሁርሶ የሚኖረው የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሠርግ ላይ ነው፣ እሱም ምሳ የሚበላበት ቦታ። ባለቤቴ ዘመዱ ጥሬ ሥጋ ሊጎርስ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ሲቀር አይቶ እስኪያለቅስ ሳቀ። የኤዶን ቪዲዮ መከፈቱን ብቻ አየሁና ዘጋሁት። ቀድሜ ባየውና ጉዳቱ ዱዓው ላይ ወድቆ ባገኘው፣ ምን ብዬ እንደምጠራቸው አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት መጡ። ልጅቷ እጇና እግሯ ሂና በሂና ሆኖ፣ እንዳይበላሽባት እየተጠነቀቀች፣ ፍራሹ ላይ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ባለቤቴ የሴቶቹ ክፍል ስለሆነ አላይም ብሎ ግቢ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩት። ጭፈራው መጣ። አንዷ አክስት እጇን እንዳነሳች በአረንጓዴና በሮዝ ካሬ ተሸፈነች፣ ቆመች፣ ከዚያ ነገሩ ቀጠለ። ጉዳቱ እሷ ላይ ወድቋል። እግዜር ይስጣት፤ ተነፈስኩ።

ከዚያ ሴቶቹ ተሸፋፈኑ። እሱ ገባ። ኤዶ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ ወደ ስክሪኑ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ቀረች፤ ሲንቀሳቀስ፣ ሲናገር አይታው አታውቅም። ረጅም ሰው ነው፣ ድምፁ ጎርነን ያለ። በሶማሊኛ ነው የሚጸልየው፤ ግማሹ ይገባኛል። ትልቋን በስሟ ጠራ። ቤቷን ሰላም አድርግላት አለ፣ ከአማቶቿ ጋር አስማማት አለ፣ ልጅ ስጣት አለ፣ መንገዷን ጠብቅ አለ። ሹፌር አይደል፣ መንገዷ ላይ ረዘም አደረገው። ከዚያ አበቃ። ሴቶቹ አሚን አሉ። ወጣ።

ትንሿን አልጠራትም።

ኤዶ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ በሐሳቧ ዱዓውን ከመጀመሪያ እየደገመች፣ የትንሿን ስም የምትፈልግ ይመስለኛል። ልጅቷ እናቷ ላይ ደገፍ አለች። «ይሁን ሆዮ። አየሁት፣ ይበቃኛል» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንዳልበቃት ይናገራል። ያን ሁሉ ደክሜ ያመጣሁላት ነገር ይሄ ነው?

መዝጋት አቃተኝና ዝም ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት። የሙያ ዓይን ሲታመምም ሲያዝንም አይተኛም፤ አንድ ነገር ቆርቁሮኝ ነበር። ዱዓ የሚደረገው ሁለት መዳፍ ተዘርግቶ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል። እሱ የዘረጋው አንድ እጁን ነው።

«እጁን ያመው ነበር እንዴ?» አልኳት ኤዶን።

«የለም፣ ጤነኛ ነበር ያን ጊዜ።»

ምስሉን አቁሜ አጎላሁት። ግራ ትከሻው ላይ ቢጫ ጋርባሳር ተጥሏል፤ የሴት ልብስ ነው፣ አንዷ ያሸከመችው መስሎኝ ነበር። ከጋርባሳሩ ሥር ግራ እጁ የሆነ ነገር ደግፎ ይዟል። ትንሽ ወደፊት ሄድኩ። ሲንቀሳቀስ ጨርቁ ተነሳ፣ ከሥሩም ሁለት ትንንሽ እግሮች ተንጠለጠሉ። አንደኛው ሂና የተቀባ ነው። ሌላኛው ምንም የለበትም።

ኤዶ ጮኸች። «አንቺ ነሽ! አንዱን ቀብቼሽ ሌላውን ሳልቀባሽ አመለጥሽኝ፣ ስፈልግሽ ዋልኩ! እሱ ጋ ነበርሽ ለካ!» በሶማሊኛ ቀጠለች፣ በአማርኛ ተመለሰች፣ ሁለቱ ተቀላቀሉባት። «ተኝተሽ ነበር። እኔ ኋላው ቆሜ ነበር፤ አይቼሻለሁ ማለት ነው። አይቼ ነው እንጂ ሰምቼ አይደለም።»

የልጅቷ እንባ ይወርዳል፤ እጇ ሂና ስለሆነ ልትጠርገው አልቻለችም፣ እናቷ ጠረገችላት። ከዚያ «ከመጀመሪያው አጫውቺልኝ» አለችኝ።

ከመጀመሪያው አጫወትኩላት። አባቷ በአንድ እጁ እሷን ይዞ፣ በአንድ እጁ ለመነ። ሴቶቹ አሚን ሲሉ እሷም ሁለት ሂናማ መዳፎቿን ዘርግታ፣ ያኔ ተኝታ ያልመለሰችለትን፣ አሚን አለች።